«ጠንከር ያለውን ስጪኝ»፦ በረኪና፣ አልኮል፣ ሳቭሎን፣ ዴቶል ወይስ አዮዲን?

መድኃኒት ቤት ስሠራ በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ የምሰማው ነገር አለ። «እህቴ፣ ጀርም የሚገድል ስጪኝ። ጠንከር ያለውን።» «ለምን ነበር?» ስል ብዙው ይገረማል። ለጀርም ነዋ! አንዱ ግን የፈለገው ለአራስ ልጁ እትብት ነው። አንዷ ለሽንት ቤት። ሌላው ጸጉር ቤት ከፍቷል። ሦስቱም አንድ ዓይነት ጠርሙስ ይዘው ቢወጡ አንዱ የልጁን ቆዳ ያቃጥላል፣ አንዷ ገንዘቧን ትደፋለች፣ ሦስተኛው ማሽኑን ያዝጋል።

ጣጣው ያለው «ጠንካራ» የሚለው ቃል ላይ ነው። እኔ ብሆን የምጠይቀው «እንዴት ነው የሚገድለው?» ብዬ ነው። የሚገድልበትን መንገድ ያወቀ ሰው የሚከሽፍበትንም ያውቃል። ሳሙና የሚያከሽፈው አለ። ቆሻሻ የሚያከሽፈው አለ። ቶሎ ተንኖ የሚከሽፍም አለ። መደርደሪያው ላይ ሁሉም «ጀርም ይገድላል» ብለው ተሰልፈዋል፤ የሚለያቸው ይሄ ነው።

ባክቴሪያው መብራቱን ከየት ያመጣል?

ባክቴሪያ እንደ እኛ ሕዋስ ሚቶኮንድሪያ የሚባለው የጉልበት ማምረቻ ክፍል የለውም። ጉልበቱን የሚያመርተው ሰውነቱን በጠቀለለው ስስ የቅባት ሽፋን ላይ ነው። ምግቡን ሲያቃጥል ባገኘው ጉልበት ፕሮቶን የሚባሉትን የሃይድሮጅን ቅንጣቶች ከውስጥ ወደ ውጭ ይገፋል። ውጭ ይጠራቀማሉ። መመለስ ይፈልጋሉ፤ ሽፋኑ አያሳልፋቸውም።

ግድብ በሉት። ከኋላው ውሃ ተኝቷል፣ ሥሩ ተርባይን አለ። ፕሮቶኖቹ የሚመለሱት ኤቲፒ ሲንቴዝ በሚባል ፕሮቲን ውስጥ አልፈው ነው። ፕሮቲኑ የእውነት ይሽከረከራል። በተሽከረከረ ቁጥር ኤቲፒ ይሠራል፤ ኤቲፒ ማለት የሕዋሱ የመብራት ካርድ ነው። እንግሊዛዊው ፒተር ሚቼል ይህን ሐሳብ እ.ኤ.አ. በ1961 ሲያቀርብ ብዙ ሰው አልተዋጠለትም ነበር። በ1978 የኬሚስትሪ ኖቤል ተሸለመበት።

የግድቡ ውሃ ታዲያ መብራት ብቻ አይደለም የሚሰጠው። በሮቹንም የሚከፍተው እሱ ነው። ስኳር ወደ ውስጥ የሚገባው፣ መርዝ ወደ ውጭ የሚተፋው፣ ባክቴሪያው የሚዋኝበት ጭራ የሚሽከረከረው በዚሁ ግፊት ነው። ስለዚህ ግድቡን የነካ ኬሚካል መብራቱንም በሩንም አንድ ላይ ያጠፋል።

ማጥፊያ መንገዱ በግርድፉ ሦስት ነው። አንደኛው ሽፋኑን ይበሳል ወይም ያላላል፤ አልኮልና ሳቭሎን እዚህ ናቸው። ሁለተኛው ፕሮቶኖቹን ተሸክሞ በጓሮ ያስገባል፤ ግድቡ ቆሞ ውሃው ያልቃል። አንዳንድ የፌኖል ዝርያዎች (የዴቶል ኬሚካል ቤተሰብ ነው) እንዲህ ይሠራሉ፣ ኮምጣጤም በራሱ መንገድ ፕሮቶን ያስገባል። ሦስተኛው ፕሮቶን የሚገፉትን ፕሮቲኖች (የመተንፈሻ ሰንሰለት ይባላሉ) እና ተርባይኑን ያቃጥላል፤ በረኪና፣ አዮዲን፣ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። እኛም ሚቶኮንድሪያችን ውስጥ ይህንኑ ግድብ ተሸክመናል። በ1930ዎቹ አሜሪካ ውስጥ ዳይናይትሮፌኖል የሚባል ኬሚካል ለመክሳት ይሸጥ ነበር። ሥራው ፕሮቶን በጓሮ ማስገባት ነው። ሰዎቹ ከሱ፤ ግን የተቃጠለው ጉልበት ሁሉ ሙቀት ሆኖ ከውስጥ ያጋያቸውና የሞቱም ነበሩ። ከታች ያሉት ምርቶች የሚቀቡ ወይም የሚደፉ እንጂ የሚጠጡ ያልሆኑት ለዚህ ነው። የባክቴሪያውን ተርባይን ብቻ ለይቶ የሚያቆም መድኃኒት ማግኘት ከባድ ነው። ከባድ ነው እንጂ አልተገኘም አይባልም፤ በ2012 አሜሪካ ውስጥ መድኃኒት ለተላመደ ቲቢ ፈቃድ ያገኘው ቤዳኩዊሊን የቲቢውን ኤቲፒ ሲንቴዝ ነው የሚያስቆመው።

ከመግዛት በፊት የሚጠየቁ

መጀመሪያ፣ የት ላይ ነው የሚውለው? ሕይወት ያለው ቆዳ ላይ ወይስ ወለል፣ ጠረጴዛ፣ መቀስ ላይ? ይሄ ብቻ ግማሹን ምርጫ ያስወጣላችኋል።

ሁለተኛ፣ ቦታው ምን ያህል ቆሻሻ ነው? ደም፣ አፈር፣ የምግብ ቅሪት ካለ ኬሚካሉ ባክቴሪያው ጋ ሳይደርስ እዚያው ያልቃል። መጀመሪያ በሳሙና ማጠብ የሚባለው ወግ ለማሳመር አይደለም።

ሦስተኛ፣ ሳሙናው በደንብ ተለቅልቆ ወጥቷል? ለአንዳንዱ ምርት ሳሙና ራሱ ጠላት ነው።

አራተኛ፣ ስንት ደቂቃ መጠበቅ ትችላላችሁ? ረጭቶ ወዲያው የሚጠርግ ሰው ብዙውን ጊዜ ያጸዳው እንጂ የገደለው ነገር ትንሽ ነው።

ዋጋን በተመለከተ ጠርሙሱን አትዩ። ከተበጠበጠ በኋላ ስንት ሊትር እንደሚወጣው አስሉ። አንድ ሊትር 5 በመቶ በረኪና 50 ሊትር የወለል ማጽጃ ይወጣዋል። አንድ ሊትር 70 በመቶ አልኮል ያው አንድ ሊትር ነው።

በረኪና

ለወለል፣ ለሽንት ቤት፣ ለደም ንክኪ ዕቃ የእኔ የመጀመሪያ ምርጫ ይሄ ነው። አላዳላም፤ በዋጋው የሚወዳደረው የለም። የክሎሪን ታሪኩም ረጅም ነው። በ1847 ቪየና ውስጥ ሐኪሙ ሴመልቫይስ ተማሪዎቹን በክሎሪን ኖራ እጃቸውን ሲያስታጥብ የወላዶች ሞት ቁልቁል ወረደ፤ ጀርም የሚባል ነገር ገና በወጉ ሳይታወቅ።

በረኪና ውሃ ውስጥ ሲገባ ሃይፖክሎረስ አሲድ ይፈጥራል። ይህ አሲድ ቻርጅ ስለሌለው ሽፋኑን ሰተት ብሎ ያልፋል። ገብቶ የመተንፈሻ ሰንሰለቱን ፕሮቲኖች ያበላሻል፤ ሰልፈር ያለባቸውን፣ ብረትና ሰልፈር የተጣመሩባቸውን። ባክቴሪያው ስኳርና አሚኖ አሲድ ማስገባት ያቅተዋል፣ ኤቲፒ መሥራትም ያቆማል። የሚገርመው፣ የራሳችን ነጭ የደም ሕዋሶችም ባክቴሪያ ሲውጡ ይህንኑ አሲድ እየሠሩ ነው የሚያቃጥሉት። በረኪና ሰውነታችን ውስጥ አለ እንደማለት ነው።

እንዲህ ያገኘውን ሁሉ የሚያቃጥል ነገር ግን አይመርጥም። ደምም ያቃጥላል፣ አፈርም፣ የጨርቅ ቀለምም። ቆሻሻ ላይ የፈሰሰ በረኪና ጉልበቱን እዚያው ይጨርሳል። ፀሐይና ሙቀትም ያደክሙታል። መስኮት ላይ ሦስት ወር የቆመ ጠርሙስ የተጻፈበትን ያህል የለውም። የተበጠበጠውን በየቀኑ አዲስ አድርጉ፣ በቀዝቃዛ ውሃ።

መጠኑን ልስጣችሁ። ጠርሙሱ 5 በመቶ የሚል ከሆነ፣ ለደምና ለሰውነት ፈሳሽ አንድ እጅ በረኪና በ9 እጅ ውሃ። ይሄ 0.5 በመቶ ይሆናል። ለተራ ወለልና ጠረጴዛ አንድ እጅ በ49 እጅ ውሃ፣ 0.1 በመቶ። አሥር ደቂቃ ይቆይ። ብረት ከሆነ ከዚያ አታስቆዩት፣ ይዝጋል፤ አውጥታችሁ አለቅልቁት።

ከሽንት ቤት አሲድ ጋር በፍጹም አትደባልቁ። የክሎሪን ጋዝ ይወጣል። ከአሞኒያ ጋርም እንዲሁ መርዝ ነው። «ሁለቱን ባደርግ ይበረታል» የሚለው ሐሳብ በሩ የተዘጋ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ሰው ይጥላል።

አልኮል

ፈጣኑ እሱ ነው። ሽፋኑን ያላላል፣ ፕሮቲኑን ያጨማድዳል፣ ውስጡ ያለው ይፈስሳል። ለንጹሕ እጅ ከ20 እስከ 30 ሰከንድ ይበቃዋል።

ብዙ ሰው ግን 97 በመቶው ከ70ው የሚበልጥ ይመስለዋል። ተገላቢጦሽ ነው። አልኮል ፕሮቲን የሚያጨማድደው ውሃ ሲያግዘው ነው። ውሃ የሌለው አልኮል የባክቴሪያውን ላይኛ ክፍል ቶሎ ያደርቅና ሥራውን ሳይጨርስ ይተናል። ጥሩው ከ60 እስከ 80 በመቶ ያለው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለእጅ ካወጣቸው ቀመሮች አንዱም 80 በመቶ ኢታኖል ነው፤ እጅ እንዳይደርቅ ግሊሰሪን አለው፣ ጠርሙሱ ውስጥ ያለ የባክቴሪያ ስፖር (ባክቴሪያው ክፉ ቀን ለማለፍ በጠንካራ ቅርፊት የሚተኛበት መልክ) እንዲሞት ጥቂት ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ይገባበታል። 97 በመቶ ገዝታችሁ ከሆነ 72 ሚሊ ሊትር ለክታችሁ እስከ 100 ድረስ ተፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ ሙሉበት፤ 70 በመቶ ገደማ ይወጣችኋል። አረቄ ታዲያ? አይሆንም። ጠንካራ የሚባለውም አብዛኛውን ጊዜ ከ50 በመቶ አያልፍም።

ጸጉር ቤት ሄዳችሁ ታውቃላችሁ። ባለሙያው ማሽኑ ላይ አልኮል ይረጫል፣ ላይተር ይለኩሳል፣ ቦግ ይላል፣ ሰማያዊ ነበልባል ሁለት ሦስት ሰከንድ ይደንሳል፣ እፍ ይለዋል። ደንበኛው ደስ ይለዋል፤ እኔም ትርኢቱን እወደዋለሁ። ግን እስቲ እናስላው። አልኮሉ የሚገድለው እርጥብ ሆኖ ሲቆይ ነው፤ እኛ ደግሞ አቃጠልነው። እሳቱም ብረቱን በደንብ ሳያግል ይጠፋል። ጥርሱ መሃል የተሰገሰገ ጸጉርና የደረቀ ቅባት እዚያው አለ። ምላጩን ነቅሎ፣ ጸጉሩን በብሩሽ አራግፎ፣ አጥቦና አድርቆ፣ 70 በመቶ አልኮል ውስጥ አሥር ደቂቃ መንከር ይሻላል። አያበራም፣ ይገድላል።

አልኮል በማይሞተው ነገርም ይታወቃል፤ ስፖር አይነካም። በሚታይ ቆሻሻ እጅ ላይም አይረባም።

ሳቭሎንና ዘመዶቹ

ሳቭሎን በተለምዶ የሁለት ኬሚካሎች ቅልቅል ነው፤ ክሎርሄክሲዲንና ሴትሪማይድ። እንደየአገሩ ስለሚለያይ ጠርሙሱን አንብቡ። ሁለቱም ፖዘቲቭ ቻርጅ አላቸው። የባክቴሪያው ገጽ ኔጌቲቭ ነው። ይሳሳባሉ። ተጣብቀው ሽፋኑን ይቦጫጭቁታል፤ መጀመሪያ ሹልክ ብሎ የሚወጣው ፖታሲየም ነው። ግፊቱ ይወርዳል፣ በሮቹ ይቆማሉ። ክሎርሄክሲዲን ሲበዛ ደግሞ የውስጡ ፈሳሽ እንደ እንቁላል ይረጋል፤ የሚፈስ ነገር ራሱ አይኖርም።

የክሎርሄክሲዲን ትልቁ ጥቅም ቆዳ ላይ ተጣብቆ ለሰዓታት መቆየቱ ነው። አልኮል ይተናል፣ እሱ ይቀራል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደ እበት ያለ ጎጂ ነገር እትብት ላይ መቀባት በተለመደባቸው ቦታዎች ለእትብት የሚመክረው እሱን ነው፤ ጄሉ ወይም ፈሳሹ ላይ 7.1 በመቶ ክሎርሄክሲዲን ዳይግሉኮኔት ተብሎ ይጻፋል። ለእትብት ብቻ! የዓይን ጠብታ መስሏቸው ሕፃን ዓይን ውስጥ ያስገቡ ነበሩ፤ ዓይን ያጠፋል። ጆሮ ውስጥም አይገባም።

አሁን ድክመቱ። በመሳሳብ የሚሠራ ነገር ሌላ የሚስበው ካገኘ ወደዚያ ይሄዳል። ተራ ሳሙና ኔጌቲቭ ነው፤ ሁለቱ ተያይዘው ይቀራሉ። በክሎርሄክሲዲን የአፍ ማጠቢያ ከጥርስ ሳሙና በኋላ ወዲያው የሚጉመጠመጥ ሰው ገንዘቡን ነው የተፋው። ከጥርስ ሳሙናው በኋላ ግማሽ ሰዓት ቆዩ ወይም በሌላ ሰዓት አድርጉት። ለረጅም ጊዜ ከተጠቀማችሁበት ጥርስ ያጠቁራል፤ ሲቆም የሚለቅ ነው።

ጥጥም ይስበዋል። በሙያዬ መጀመሪያ አንድ ክሊኒክ ውስጥ ያየሁት እስከ ዛሬ አይረሳኝም። የቁስል ማሰሪያ ክፍሉ ጠረጴዛ ላይ ክዳኑ የላላ የብረት ጣሳ አለ። ውስጡ ጥጥ፣ ጥጡ ላይ ሳቭሎን። ሲጎድል ይጨመርበታል። መቼ ታጠበ? ማንም አያውቅም። ክዳኑን ስከፍተው የሳቭሎን ሽታ ሳይሆን የቆየ ጨርቅ ሽታ ወጣ። የጣሳው ጠርዝ በጣት ሲነካ ያሙለጨልጫል። ጥጡ ኬሚካሉን መጦ ይዞት፣ ፈሳሹ ቀጥኖ፣ ባክቴሪያ ቤት ሠርቶበት ነበር። ቁስል የምናጸዳው በዚያ ነበር።

ይሄ የዚያ ክሊኒክ ብቻ ጉድ አይደለም። ሱዶሞናስ የሚባለው ባክቴሪያና ዘመዶቹ ቤንዛልኮኒየም በሚባለው የዚሁ ቤተሰብ ኬሚካል ውስጥ ሲባዙ በሕክምናው ዓለም ደጋግሞ ታይቷል። ድርብ ሽፋን አላቸው፣ ማስወጫ ፓምፕም አላቸው። ስታፊሎኮከስ ከሚባሉት ባክቴሪያዎችም አንዳንዱ እንዲህ ያለ ፓምፕ አለው። ፓምፑን የሚያንቀሳቅሰው ምን መሰላችሁ? ያው የግድቡ ውሃ። ኬሚካሉ ግድቡን ለማፍረስ ይገባል፣ ባክቴሪያው በግድቡ ጉልበት ይተፋዋል። መጠኑ ሲቀጥን ባክቴሪያው ያሸንፋል። ስለዚህ በትክክለኛው መጠን በጥብጡ፣ በላዩ ላይ አትጨምሩ፣ ጥጥ ነክራችሁ አታሳድሩ።

አንድ የልብስ ማጠቢያ ምሥጢርም ልንገራችሁ። ክሎርሄክሲዲን የነካውን አንሶላ በበረኪና ከዘፈዘፋችሁት ቡናማ እድፍ ይወጣዋል። አይለቅም። ጥፋቱ የአጣቢዋ አይደለም።

ዴቶል

የታወቀው ቡናማው ዴቶል ውስጥ ያለው ክሎሮክሲሌኖል ነው፣ የፌኖል ዝርያ። የቤተሰቡ አያት ካርቦሊክ አሲድ ነው፤ ጆሴፍ ሊስተር በ1865 ግላስጎ ውስጥ አጥንት ወጥቶ የተሰበረ እግር በእሱ ማከም ጀመረ፣ ቀዶ ሕክምናም ከዚያ ወዲህ መልኩ ተቀየረ። ፌኖሎች ቅባቱ ሽፋን ውስጥ ይገቡና ያውኩታል፤ ፖታሲየም ይፈሳል፣ የፕሮቶኑ ክምችት ይወርዳል።

ውሃ ውስጥ ሲገባ እንደ ወተት ይነጣል። ብዙ ሰው ንጣቱን የጉልበቱ ምልክት አድርጎ ያየዋል። እንደዚያ አይደለም። ክሎሮክሲሌኖል ውሃ ውስጥ እምብዛም አይሟሟም፤ ዘይቱና ሳሙናው በትናንሽ ጠብታ ስለሚበትኑት ብቻ ነው የሚነጣው።

ለቤት ውስጥ ጥቃቅን ነገር ደህና ነው። ግን ሳይበጠበጥ ቆዳ ያቃጥላል፣ ሱዶሞናስን በደንብ አይገድልም፣ ስፖርም አይነካም። ቤት ውስጥ ድመት ካለች ወለል ላይ አታፍስሱት። የድመት ጉበት ፌኖልን ማስወገድ ይከብደዋል፤ እግሯን ስትልስ ትመረዛለች። ሕፃን በየቀኑ ዴቶል ባለው ውሃ ማጠብ የሚባለውንም ልማድ አልወደውም። የዚሁ ቤተሰብ አባል የሆነው ሄክሳክሎሮፊን በስህተት በብዛት የገባበት የሕፃናት ዱቄት በ1972 ፈረንሳይ ውስጥ ከ30 በላይ ሕፃናት ገድሏል። ክሎሮክሲሌኖል እሱን ያህል አይደለም። ቢሆንም የሕፃን ቆዳ ስስ ነው፣ የተቀባውን ያስገባል።

የቀሩት ባጭሩ

ፖቪዶን አዮዲን፣ ብዙዎቻችን ቤታዲን የምንለው፣ ለተቆረጠና ለተፋቀ ቆዳ ጥሩ ነው። ነጻው አዮዲን ትንሽና ቻርጅ የሌለው ስለሆነ ቶሎ ይገባል፣ የመተንፈሻ ፕሮቲኖቹን ይይዛል። ቀብታችሁ እስኪደርቅ ሁለት ደቂቃ ያህል ጠብቁ። ቡናማው ቀለም ሲጠፋ አዮዲኑ አልቋል ማለት ነው፤ ራሱ ይነግራችኋል፣ እንዲህ ያለ ሐቀኛ ምርት ሌላ አላውቅም። ለአራስ ልጅና የእንቅርት ወይም የታይሮይድ ችግር ላለበት ሰው ሐኪም ሳይጠየቅ አይሁን።

ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ቁስል ላይ ሲፈላ ያስደስታል። የሚፈላው ግን ደማችን ውስጥ ያለ ካታሌዝ የሚባል ኢንዛይም ኬሚካሉን እየሰባበረው ነው። የሚድነውንም ሥጋ ይጎዳል። ለዕቃ ይሁን፣ ለቁስል ግን ልማድ አታድርጉት።

«ፀረ ባክቴሪያ» የሚል ሳሙና? በ2016 የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ትራይክሎሳንን ጨምሮ 19 ኬሚካሎችን ከእጅና ከገላ ሳሙና አስወጥቷል። አምራቾቹ ከተራ ሳሙናና ውሃ እንደሚበልጡ ማሳየት አልቻሉም። ርካሹን ግዙ።

ኮምጣጤ አሲዱ ሽፋኑን አልፎ ገብቶ ፕሮቶኑን ውስጥ ይጥላል፤ ባክቴሪያው እሱን ሲያስወጣ ይደክማል። ምግብ ለማቆየት ድንቅ ነው። ወለል ለማጽዳት ግን አትመኑት።

| ምርት | የሚመታው | የሚያከሽፈው | ለቆዳ | ለዕቃና ወለል | ወጪ |
|---|---|---|---|---|---|
| በረኪና | የመተንፈሻ ፕሮቲኖች፣ ኤቲፒ ሥራ፣ ማስገቢያ በሮች | ቆሻሻ፣ ፀሐይ፣ መቆየት | አይሆንም | በጣም ጥሩ፣ ብረት ያዝጋል | በጣም ርካሽ |
| አልኮል 70 በመቶ | ሽፋንና ፕሮቲን | መትነን፣ ቆሻሻ፣ እሳት | ጥሩ፣ ክፍት ቁስል ላይ አይደለም | ለትንንሽ ዕቃ | ውድ፣ ስለማይቀጥን |
| ክሎርሄክሲዲን፣ ሴትሪማይድ | ሽፋን፣ ፖታሲየም ይፈሳል | ሳሙና፣ ጥጥ፣ አሮጌ ቅልቅል | ጥሩ፣ ዓይንና ጆሮ አይነካ | መካከለኛ | መካከለኛ |
| ዴቶል | ሽፋን፣ የፕሮቶን ክምችት | ቆሻሻ፣ ብዙ ማቅጠን | ተበጥብጦ ብቻ | መካከለኛ፣ ድመት ካለች አይሆንም | መካከለኛ |
| ፖቪዶን አዮዲን | የመተንፈሻ ፕሮቲኖች | ደምና መግል | በጣም ጥሩ | ያቆሽሻል | መካከለኛ |
| ተራ ሳሙናና ውሃ | ጠርጎ ያስወግዳል | መቸኮል | ሁሌም | ሁሌም መጀመሪያ | ርካሽ |

እናንተ ጋ ያለው የትኛው ነው?

ኪሱ የሳሳ ቤት ሁለት ነገር ይበቃዋል፤ ሳሙናና በረኪና። ትርፍ ገንዘብ ካለ ትንሽ አዮዲን ይጨመር። ዴቶል ለሽታው ከሆነ የምትገዙት አልቃወምም፤ የንጽሕና ሽታ ለብዙዎቻችን እሱ ሆኗል።

አራስ ያለበት ቤት ጤና ባለሙያው ክሎርሄክሲዲን ካዘዘ በታዘዘው መሠረት ይጠቀም። ካላዘዘ እትብቱ ንጹሕና ደረቅ ይሁን፣ ቅቤም አመድም አይነካው። ለእንግዳ እጅ አልኮል በር ላይ ማስቀመጥ ጥሩ ነው።

ጸጉር ቤት የከፈተ ሰው 70 በመቶ አልኮል ለማሽን ምላጭ፣ በረኪና ለወለልና ለመታጠቢያ ሳህን፣ ለጢም መላጫ ደግሞ ለእያንዳንዱ ሰው አዲስ ምላጭ። ሄፓታይተስ ቢ ደረቅ ዕቃ ላይ ቢያንስ 7 ቀን ይቆያል። እዚህ ላይ መቆጠብ የለም።

ትንሽ ክሊኒክ ሁሉንም ይፈልጋል፣ ግን በየቦታቸው። ለደም ንክኪ 0.5 በመቶ በረኪና፣ ለመርፌ ቦታ አልኮል፣ ለቁስል ዙሪያ አዮዲን ወይም ክሎርሄክሲዲን። ሁለቱን አንድ ላይ ለመግዛት ገንዘብ ከሌለ ክሎርሄክሲዲንን አስቀድሜ እገዛ ነበር፣ ስለሚቆይ። በርግጥ ሠራተኛው ጣሳውን በየቀኑ የሚያጥብ ከሆነ። ካልሆነ አዮዲን ይሻላል፤ ቀለሙ ስንፍናን ያጋልጣል።

ሰላጣ የሚያጥብ ሰው በረኪናው ላይ ልቡን እንዳይጥል። ለመጠጥ ውሃ ማከሚያ ተብሎ የተሠራውን፣ እንደ ውሃ አጋር ያለውን፣ ጠርሙሱ ላይ በተጻፈው ልክ ይጠቀም፤ ሽታ የተጨመረበትን የልብስ በረኪና አያስገባ። ክሎሪን ባክቴሪያ ይገድላል፣ የወስፋት እንቁላልን ግን በዚህ መጠን አይደፍረውም። ያንን የሚያስወግደው ቅጠል ቅጠሉን ለይቶ በብዙ ንጹሕ ውሃ ማሸት ነው።

ውሻ የነከሰው ሰው ወደ እኔ መድኃኒት ቤት መጥቶ «ጠንከር ያለ» ሲጠይቀኝ መጀመሪያ የምለው ቧንቧው ጋ ሂድ ነው። 15 ደቂቃ በሳሙናና በሚወርድ ውሃ። ከዚያ አዮዲን። ከዚያ በዚያው ቀን ጤና ተቋም ለክትባት።

የመጨረሻው ስለ ጠርሙስ ነው። ሱቅ ውስጥ በረኪና በሃይላንድ ተቀድቶ ይሸጣል። ውሃ ይመስላል። የተጠማ ልጅ ደግሞ ሃይላንድ ሲያይ አይጠይቅም። ከገዛችሁ በኋላ ላዩ ላይ በወፍራም ጽፋችሁ፣ ቀኑንም ጨምራችሁ፣ ልጅ ከማይደርስበት ከፍ አድርጉት። ልጅ ከጠጣ አታስመልሱት፤ ሲወጣም ጉሮሮውን እንደገና ያቃጥላል። አፉን በውሃ አለቅልቁለት፣ ወዲያው ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት፣ ሃይላንዱንም ይዛችሁ ሂዱ።